ሠላሳ ዘጠኝ አኃዝ ያለው ብቸኛ ቁጥር



እ.ኤ.አ. በ1644 ዓ.ም. ማሪን መርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ አንድ ዝርዝር አሳተመ። 2ን በራሱ ደጋግሞ በማባዛትና ከውጤቱ 1 በመቀነስ ከሚገኙት ቁጥሮች ውስጥ ብቸኛ የሆኑት፣ ማለትም ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው፣ እነማን እንደሆኑ የሚናገር ነበር። ከ67 ሁለቶች የሚገኘውም፣ ከ127 ሁለቶች የሚገኘውም ቁጥር በዝርዝሩ ገብቷል። ስለ ሁለቱ ግን ከ230 ዓመት በላይ ከመነኩሴው ቃል በቀር የተጨበጠ ማስረጃ አልነበረም።

ከ127 ሁለቶች የሚገኘው ቁጥር 170,141,183,460,469,231,731,687,303,715,884,105,727 ነው። ይህን በማካፈል ለመመርመር ቢታሰብ፣ አካፋዮቹን እስከ ካሬ ሥሩ፣ ይኸውም እስከ 13 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ገደማ መፈለግ ያሻል። ለዚህ የሰው ዕድሜ አይበቃም።

ኤድዋር ሉካስ በ1876 ዓ.ም. በሌላ በር ገባ። አካፋይ መፈለጉን ትቶ፣ የቁጥሩን ብቸኝነት በራሱ ጠባይ የሚገልጽ ፈተና አወጣ። አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር ኋላ ያቀለለው ይህ ፈተና አጭር ነው። ከ4 ይጀመራል፤ ቁጥሩ በራሱ ተባዝቶ 2 ይቀነስለታል፤ ውጤቱ ለሚመረመረው ቁጥር ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ይያዛል፤ በቀሪውም ሥራው ይደገማል። የእርምጃው ብዛት ከሁለቶቹ ብዛት በ2 ያንሳል። ለምሳሌ ከ7 ሁለቶች የሚገኘው 127 ሲፈተን፣ ቀሪዎቹ በተራ 14፣ 67፣ 42፣ 111ና 0 ናቸው። በመጨረሻው እርምጃ 0 ከመጣ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልመጣ አይደለም።

ሉካስ 39 አኃዝ ያለው ቁጥር ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ። ቁጥሩም እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስ ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቆየ። በዚያው በ1876 ዓ.ም. ከ67 ሁለቶች የሚገኘው ብቸኛ አለመሆኑን፣ አንድም አካፋይ ሳያገኝለት አስረዳ። አካፋዮቹን 193,707,721ንና 761,838,257,287ን ያገኘው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው፤ ያውም በ1903 ዓ.ም.። መርሴን በአንዱ ተሳስቶ በሌላው እውነት ተናግሯል፤ ሆኖም ሁለቱን የተናገረው በአንድ ቃል ስለነበር፣ እውነቱን ከስሕተቱ የለየው የተናጋሪው ክብር ሳይሆን ፈተናው ነው።

በ2024 ዓ.ም. የተገኘው 41,024,320 አኃዝ ያለው ብቸኛ ቁጥርም የተረጋገጠው በዚሁ በሉካስና በሌመር ፈተና ነው።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። 2 ሁለቶች 3ን፣ 3 ሁለቶች 7ን፣ 7 ሁለቶች 127ን፣ 127 ሁለቶች የሉካስን ቁጥር ይሰጣሉ፤ ሁሉም ብቸኛ ናቸው። ቀጣዩስ? ሰንሰለቱ «አዎን» ለማሰኘት ይገፋፋል። ነገር ግን ቀጣዩን ቁጥር ለመፈተን የሚበቃ መሣሪያ እስካሁን አልተሠራም። ተማሪ ይህን ሲጠይቅ፣ ከመርሴን ዝርዝር የተማረ መምህር «አልተረጋገጠም» ብሎ ለመመለስ አያፍርም።