ያልደረሰ መልእክት መዝገብ አለው
በወርኃዊ ጉባኤያችን ላይ ከጽሕፈት ቤቱ የተደረገ ንግግር



ባለፈው ጉባኤ ሁለት ቤተሰቦች የሦስት ወር መዋጮ አልከፈሉም ተብሎ፣ በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ይሰረዙ የሚል ሐሳብ መቅረቡ ይታወሳል። ከሁለቱ አንዷ ባለቤታቸው ያረፉባቸው እናታችን ናቸው። መዋጮውን የሚከፍልላቸው ልጃቸው ውጭ አገር ነው፤ «በየወሩ ልኬያለሁ» ይላል። በማኅበሩ ኢሜይል ግን ደረሰኝ አልገባም። በባንክ ደብተራችን ላይ የላኪ ስም የሌለው ገንዘብ ይታያል፤ የማን መሆኑን የሚናገረው ያው ያልደረሰው ደረሰኝ ነው። «ልጁ ዋሽቷል» ያሉም ነበሩ። ነገሩ ድንኳንና ቀባሪ የሚያሳጣ ስለሆነ ሥራ አመራሩ ውሳኔውን አቆይቶ ሲከታተል ሰንብቷል። ያገኘነውን እነሆ እንነግራችኋለን።

በሪኮማንዴ የተላከ ደብዳቤ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ታላላቆቻችን ያውቁታል። ላኪው ደረሰኙን ይዞ ፖስታ ቤት ይሄዳል። ቁጥሩ በመዝገብ ይፈለጋል፤ ከዚህ ወጥቷል ወይ? እዚያ ገብቷል ወይ? ማን ፈረመ? ይባላል። ኢሜይልም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከላኪው ስልክ በቀጥታ ወደ እኛ ስልክ አይመጣም፤ ሰርቨር በሚሏቸው መኪናዎች በኩል እየተቀባበለ ነው የሚደርሰው። እያንዳንዱ ሰርቨር ደግሞ ሎግ የሚባል መዝገብ አለው። መልእክቱ የወጣበትን ቀንና ሰዓት፣ ላኪውን፣ ተቀባዩን፣ የተቀባዩ ሰርቨር የመለሰውንም ቁጥር አንድ በአንድ ይጽፋል።

ዋናው ነገር ያ ቁጥር ነው። በ1974 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የዓለም ሰርቨሮች ሁሉ በዚህ ቁጥር ይነጋገራሉ። በ2 ከጀመረ «ተቀብያለሁ» ማለት ነው። በ4 ከጀመረ «አሁን አልቻልሁም፣ ቆይተህ ሞክር» ነው፤ ላኪው ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ 4 ወይም 5 ቀን እየደጋገመ ይሞክርና ካልሆነለት ይመልሰዋል። በ5 ከጀመረ «አልቀበልም» ነው፤ ያንኑ መልሶ መላክ ድካም ብቻ ነው።

ደረሰኙን የሚልከውን ድርጅት ስም እዚህ አንጠራም። መጀመሪያ የተሰጠን መልስ «እኛ ልከናል» የሚል ነበር። ላከ እንጂ ደረሰ ማን አለ? «እንግዲያው መዝገባችሁን ተመልከቱልን» ብለን ልጁ የከፈለበትን ቀንና ሰዓት ጽፈን ሰጠን።

እዚህ ላይ የሰዓት ነገር ትንሽ አከራከረን። ሎጉ የተጻፈው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ የልጁ ስልክ ባለበት አገር ሰዓት ይቆጥራል፤ እኛ ደግሞ በራሳችን። ለወደፊቱ እንዲጠቅማችሁ፣ በግሪንዊች ከተጻፈው ላይ 3 ቀንሱ፤ የእኛ አቆጣጠር እርሱ ነው። ሎጉ 9 ሰዓት ከ15 ካለ በእኛ ቀን 6 ሰዓት ከ15 ነው። ይህ ከተስተካከለ በኋላ መስመሩ ተገኘ። ደረሰኙ ወጥቷል፤ የኢሜይል ሳጥናችን ያለበት ጂሜይል ግን 550 ብሎ መልሶታል፤ አጠገቡም 5.7.26 ተጽፏል። ይኸውም «መልእክቱ በእርግጥ በስሙ ከተላከበት ድርጅት መምጣቱ አልተረጋገጠልኝም» ማለት ነው። ጂሜይል ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በዚህ ጉዳይ አጥብቋል፤ አንድ ድርጅት በስሙ እንዲልኩ የፈቀደላቸውን ሰርቨሮች አስቀድሞ ካላስመዘገበ ደብዳቤው ማኅተም እንደሌለው ይቆጠራል።

ታዲያ ድርጅቱ መመለሱን እንዴት አላወቀም? ደረሰኙን የሚልከው ሰው ሳይሆን መኪና ነው። ተመላሹ የሚገባው ማንም በማይከፍተው ሳጥን ነው። በሁለቱም ቤተሰቦች የደረሰው ይኸው ነበር፤ ሁለቱም በዚያው ድርጅት በኩል ነው የሚከፍሉት።

ድርጅቱ ምዝገባውን አስተካክሏል፤ የሦስቱ ወር ደረሰኞች ደርሰውናል። ቀኑና ገንዘቡ ከባንክ ደብተራችን ጋር ስለገጠመ ሁለቱም ቤተሰቦች ያለ ቅጣት በመዝገብ ጸንተዋል።

እናንተም ለልጆቻችሁ የምትልኩት ኢሜይል ሲመለስ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ወረቀት ተራ ማስታወቂያ ነው ብላችሁ አታጥፉት፤ ቁጥሩ እዚያው ላይ አለ። 5.1.1 ካለ እንዲህ ያለ አድራሻ የለም ማለት ነው፤ ፊደል ተሳስቶ ይሆናል። 4.2.2 ወይም 5.2.2 ካለ የተቀባዩ ሳጥን ሞልቷል። ጂሜይል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ የሠርግና የክርስትና ፎቶግራፍ ሁሉ የሚከማቸው እዚያው ላይ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በ2 የሚጀምር ቁጥርም ቢሆን ሰርቨሩ ተቀበለ ማለት እንጂ ሰው አነበበ ማለት አይደለም፤ ስፓም የሚባለውን ሳጥን ፈልጉ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ ለብዙ ወራት ኢሜይሉን ያልከፈተ ሰው አለ። በመስመር መቋረጥ ምክንያት የተላከልን አይጠፋም፤ እንደ ፖስታ ሳጥን ሰርቨሩ ላይ ይቆየናል። ነገር ግን ጂሜይል ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ 2 ዓመት ያልተከፈተ ሳጥን ሊሰርዝ ይችላል። አድራሻችሁን ለማኅበሩ የሰጣችሁ ሁሉ በዚህ ወር ውስጥ ከፍታችሁ እዩት። የተሰረዘበት ወይም ተመላሽ የደረሰው አባል ወረቀቱን አስገልብጦ እሑድ ጧት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ያምጣ።