ካሜራ ከመግዛታችን በፊት «ሂስትሪ» እንውሰድ

(በ1996 ዓ.ም. ተመራቂዎች የ20ኛ ዓመት የመገናኛ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሕክምና ውጪ ስለሆነ ነገር አሥር ደቂቃ ተናገሪ» ሲለኝ ደስ አለኝ። ስለ ደም ግፊት ብናገር ግማሻችሁ ታርሙኛላችሁ፣ ግማሻችሁ ትተኛላችሁ። በየአጋጣሚው «አንቺ፣ የቱን ካሜራ ልግዛ?» የምትሉኝ ስለበዛችሁ፣ ዛሬ ለሁላችሁም ባንድ ላይ እመልሳለሁ። የማወራው ሌንሳቸው ስለማይቀየር፣ ኪስ ወይም ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ስለሚገቡ፣ ጥራታቸው ግን ወደ ትልልቆቹ ስለሚጠጋ ካሜራዎች ነው።

መጀመሪያ ሁለት የተሳሳቱ ዳያግኖሲሶቼን ልናዘዝ።

ስፔሻሊቲዬን እንደጨረስኩ ገንዘብ አጠራቅሜ ትልቅ ካሜራ ከሁለት ሌንስ ጋር ገዛሁ። የመጀመሪያውን ወር እንደ ሕፃን አዝዬው ዞርኩ። ከዚያ ከበደኝና ቁም ሳጥን ገባ። ሁለተኛው ላይ «ቀለል ያለ ልግዛ» ብዬ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ «ዶክተር፣ ይሄ እኮ 40 እጥፍ ዙም አለው፤ ከቤትዎ ሆነው እንጦጦን ያመጣልዎታል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እንጦጦን አምጥቶልኛል። ያላመጣልኝ እናቴን ነው።

እናቴ ደሴ ነበረች። የ2008 ዓ.ም. ገና ልጠይቃት ሄድኩ። ማታ መብራት ጠፋ። እሷ በከሰሉና በአንድ ሻማ ብርሃን ቡናዋን አፈላች። ቶናውን ስትቀዳ እህቴ የሆነ ነገር ተናገረችና እናቴ ቀና ብላ ሳቀች። ያንን ሳቅ ለመያዝ ስድስት ጊዜ ሞከርኩ። አምስቱ ጥቁር፣ ስድስተኛው የተንቀጠቀጠ ጭጋግ ሆነ። ፍላሹን ሳበራው ደግሞ የዕጣኑ ጭስ እንደ ግድግዳ ነጣ፤ እናቴም ዓይኗን ጨፍና «ምነው ልጄ፣ አሳወርሽኝ!» አለች። ያ ትልቁ ካሜራ አዲስ አበባ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አረፈች። ለአርባዋ የሚሆን ፎቶ ስንፈልግ ከቀበሌ መታወቂያዋ የተሻለ አላገኘንም፤ ፎቶ ቤት ወስደን አስፋፋነው። መታወቂያ ላይ ደግሞ ማን ይስቃል?

የመምህሮቻችን ነገር ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ራውንድ ላይ ላብራቶሪ ለማዘዝ ስንጣደፍ «መጀመሪያ ታማሚውን አዳምጡ» ይሉን ነበር። ካሜራ ስንገዛ ሁላችንም ከላብራቶሪው እንጀምራለን፦ ስንት ሜጋፒክስል ነው? ስንት እጥፍ ዙም አለው? ሂስትሪውን ማንም አይጠይቅም። የፎቶ አንሺ ሂስትሪ ያመለጡት ፎቶዎች ናቸው። አሥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ። በየጎናቸውም ሦስት ጥያቄ መልሱ፦ ብርሃኑ እንዴት ነበር? ምን ያህል ርቄ ነበር? ካሜራው የት ነበር?

እኔ ስጽፍ ሰባቱ ማታ ወይም ቤት ውስጥ ነበሩ። ዘጠኙ ከሁለት ሜትር ባነሰ ርቀት። በስምንቱ ካሜራው አብሮኝ አልነበረም። እንጦጦ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

እንግዲህ አንድ በአንድ እንያቸው።

ያመለጣችሁ በብርሃን ማነስ ከሆነ፣ ሜጋፒክስሉን ተዉትና ሴንሰሩንና የሌንሱን ቀዳዳ ጠይቁ። ሴንሰሩ ሬቲና ነው፣ ቀዳዳው የዓይን ብሌን። ብዙ ዙም ያላቸው ርካሽ ትንንሽ ካሜራዎች ሴንሰራቸው አብዛኛውን ጊዜ 28 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የእኔም እንዲያ ነበር። «1 ኢንች» የሚባለው 116 ገደማ ይሆናል። ስሙ አያታላችሁ፣ ወርዱ 13.2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው 370 አካባቢ፣ ሙሉ ፍሬም 864። ቀዳዳው ላይ ደግሞ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል፦ ኤፍ 1.8 ከኤፍ 2.8 ጋር ሲነጻጸር ወደ ሁለት ዕጥፍ ተኩል የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ዙም ያለው ሌንስ ላይ ሁለት ቁጥር ካያችሁ፣ ለምሳሌ 1.8–4.9፣ ትልቁ ቁጥር ዙሙን ጨርሳችሁ ስትስቡ የሚቀራችሁ ነው። ሻጭ የሚነግራችሁ ትንሹን ነው።

የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ካሜራም አለ፤ ጥሩ ነው። ግን የሚያረጋጋው የእናንተን እጅ እንጂ የምታነሱትን ሰው አይደለም። ሕፃን ይሮጣል፣ እናት ትስቃለች።

ርቀቱን በተመለከተ፣ ልጃችሁ ኳስ ሲጫወት ወይም ወፍ የምታነሱ ከሆነ ዙም ያስፈልጋችኋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረው የሶኒ አርኤክስ100 መስመር ባለ 1 ኢንች ሴንሰር ሲሆን፣ በ2019 የወጣው ሰባተኛው ከ24 እስከ 200 ሚሊሜትር አቻ ይደርሳል። ሦስተኛው ዙሙ በ70 ያበቃል፤ በምትኩ ቀዳዳው ከ1.8 እስከ 2.8 ስለሆነ ለሳሎንና ለማታ ይሻላል። ያመለጡት ፎቶዎች እንደኔ ከቅርብ ከሆኑ ግን ዙም የሌለው ይበቃል። የፉጂፊልም ኤክስ100 ስድስተኛው (እ.ኤ.አ. 2024) ኤፒኤስ-ሲ ነው፤ ቋሚ ኤፍ 2 ሌንስ አለው፤ በዓይን የሚታይበት መስኮትም አለው፤ ክብደቱ 521 ግራም ነው። በ2019 የወጣው ሪኮ ጂአር 3 በተመሳሳይ የሴንሰር ዓይነት 257 ግራም ይመዝናል፤ ሌንሱ ኤፍ 2.8 ነው፤ መስኮትም ፍላሽም የለውም። በመንገድ ፎቶዎቹ የታወቀው ጃፓናዊው ዳይዶ ሞሪያማም የጂአር ካሜራዎችን ይዞ ሲዞር ኖሯል። ሙሉ ፍሬም ያለው ላይካ ኪው 3 የኪስ ሳይሆን የባንክ ጉዳይ ነው፤ ሲወጣ ዋጋው 6,000 ዶላር ሊደርስ 5 ዶላር ብቻ የቀረው ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ «ካሜራው የት ነበር?»፣ ለእኔ ከሁሉም በለጠ። ስለዚህ ያገለገለ ጂአር 3 ገዛሁ። የነጭ ጋወኔ ኪስ ውስጥ ይገባል። ታማሚ ግን አላነሳበትም፤ ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የሚወጣው ከሥራ በኋላ ነው፦ ታክሲ ተራ፣ ልቅሶ ቤት፣ ማኅበር፣ የልጆቼ ጥናት ጠረጴዛ።

ከገዛችሁ በኋላ ክትትል አለ። የትንሽ ካሜራ ባትሪ ትንሽ ነው፤ መለዋወጫ ባትሪ አብራችሁ ግዙ። ወጣ ገባ የሚል ሌንስ አቧራ ሊስብ ይችላል። ያገለገለ ስትገዙ ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 16 አጥብባችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱና አስፍታችሁ እዩ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። ውጭ ያላችሁ ጓደኞቻችን ለቤተሰብ ስትልኩ፣ ዋስትናው ብዙ ጊዜ በተገዛበት አገር ብቻ እንደሚሠራ አትርሱ።

ማታ ስታነሱ ፍላሹን አጥፉት። አይኤስኦውን እስከ 6400 ፍቀዱለት፤ ሹተሩ ለሰው ፊት ከ1/60 ሰከንድ ባይዘገይ ጥሩ ነው። ፎቶው የአሸዋ ብናኝ የነሰነሱበት ይመስል ይሆናል፤ ይምሰል። ብናኝ ባለበት ፎቶ ላይ ሰውየው ይታያል፤ በተንቀሳቀሰው ላይ አይታይም።

ባለፈው ገና ደሴ ነበርኩ። ቡናውን አሁን የምታፈላው እህቴ ናት። መብራት አልጠፋም ነበር፤ እኔው አጥፍቼ ሻማ አበራሁ። እህቴ «አበድሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ ያኔ አነሳኋት። ስትስቅ እናቴን እንደምትመስል እስከዚያ ቀን አላስተዋልኩም ነበር። አሳተምኩትና ሳሎን ውስጥ ከመታወቂያው ፎቶ ጎን ሰቀልነው።

እንግዲህ ጥያቄያችሁን መልሻለሁ መሰለኝ። የቱን እንደምትገዙ የምታውቀው ያቺ የአሥር ፎቶ ወረቀት ናት፤ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ጻፏት። አሁን ከራት በፊት የባቹን ፎቶ እንነሳ። የዚህ አዳራሽ መብራት እንደምታዩት ደብዘዝ ያለ ነው፤ ካሜራውን አስተካክዬ ለአስተናጋጃችን እሰጠዋለሁ፤ እኔም እገባለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ቀረብ በሉ።