ጨው፣ አዮዲንና የኑክሌር ጣቢያ



ሐኪም ስለ ኑክሌር ምን አገባት እንደምትሉ አውቃለሁ። የሚያገባኝ በመብራት በኩል ነው። ኢንተርን ሳለሁ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም ናፍጣ አልነበረውም። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን የኦክስጅን ማሽኑ ቆመበት። እኔና አንዲት ነርስ እየተፈራረቅን እስኪነጋ በአምቡ ባግ ስናስተነፍሰው አደርን። እሱ ተረፈ። በሌላ ሌሊት ያልተረፉ አሉ።

ስለዚህ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕዳሴ ሲመረቅ፣ 5,150 ሜጋ ዋት ሲባል፣ እንባዬ መጣ። መስከረም ላይ ሞስኮ ውስጥ ከሮሳቶም ጋር ስለ ኑክሌር ጣቢያ ሲፈረም ግን ዝም አልኩ።

ፍርሃታችን ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከደረሰው የፉኩሺማ አደጋ በኋላ የጃፓን መንግሥት በጨረር ሞተ ብሎ የተቀበለው አንድ ሠራተኛ ነው። በመፈናቀሉ ሳቢያ ግን ከ2,000 በላይ ሰው ሞቷል፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው። ከሆስፒታል በጥድፊያ በአውቶቡስ ተጭነው የሞቱ ሕሙማን ነበሩ። እኛ አገር ያን ዝግጅት የሚሠራው ማን ነው?

የቼርኖቤል ነገር ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1986 ሕፃናት ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ያለበት ወተት ጠጡ፤ ከዓመታት በኋላ የታይሮይድ ካንሰር መጣ። አካባቢው ድሮም አዮዲን ያጥረው ነበር፤ አዮዲን የራበው ዕጢ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይስባል። ፖላንድ ቶሎ ብላ ከ10 ሚሊዮን ለሚበልጡ ሕፃናት አዮዲን አጠጣች። እኛስ? ደጋ ላይ የሠራችሁ እንቅርቱን ታውቁታላችሁ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆን የጨው ቁጥጥራችን ከጣቢያው መቅደም አለበት። ይህን የሚያነሳ መሐንዲስ እስካሁን አላጋጠመኝም!

ዋጋው? የፊንላንዱ ኦልኪሉኦቶ 3 ግንባታው በ2005 ተጀመረ፤ በ2009 ያልቃል ተባለ፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2023 ነው። ግብፅ ለኤል ዳባ 4,800 ሜጋ ዋት ከሩሲያ የ25 ቢሊዮን ዶላር ብድር ወስዳለች። ሕዳሴን በቦንዳችን ሠራነው፤ ይህን ግን በቦንድ የምንችለው አይመስለኝም። በአንጻሩ የጤና ጣቢያ ጣራ ላይ የሚዘረጋ ሶላር ከነባትሪው በሳምንታት ይገጠማል።

ሆኖም ሶላር ብቻ ይበቃል አልልም፤ ዝናብ ሲቀር ግድቡ ጎድሎ በፈረቃ መብራት ያየን ትውልድ ነን። ከነፋሱና ከአሉቶው እንፋሎት ጋር አንድ ቀን ኑክሌርም ያስፈልገን ይሆናል። የኔ ቅደም ተከተል ግን መጀመሪያ ማከፋፈያው መስመር፣ ቀጥሎ ከሚኒስትር የማይታዘዝ የጨረር ተቆጣጣሪ ነው።

ከፊዚክስ ክፍል የመጣችሁ፣ በሻይ ሰዓት ፈልጉኝ፤ የምጠይቃችሁ አለኝ።