ሁለት ኩባንያ፣ ሁለት መረብ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ የተፈጸመው በአሜሪካ ቢሆንም ትምህርቱ ለመሐንዲስ ሁሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ስፕሪንትና ኔክስቴል የተባሉ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኩባንያዎች 35 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በተገመተ ውል ተዋሐዱ። የስፕሪንት መረብ ሲ.ዲ.ኤም.ኤ. በተባለ ስልት የተሠራ ሲሆን፣ የኔክስቴል ግን ሞቶሮላ ባበጀው አይደን ነበር። የአንዱ ቀፎ በሌላው መረብ አይሠራም ነበር።

በግንባታና በጭነት ሥራ የተሰማሩ ሰዎች ኔክስቴልን የመረጡት ቁልፍ ተጭነው ወዲያው ስለሚነጋገሩበት ነበር። ይህን አገልግሎት በሌላው መረብ ላይ መተካት አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ኩባንያው ሁለቱን መረቦች ጎን ለጎን ለዓመታት ማንቀሳቀስ ግድ ሆነበት። ወጪ በወጪ ላይ ተደራረበ፤ ደንበኛም ሸሸ። በ2008 ከውሕደቱ ዋጋ 30 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከመዝገብ ተሠረዘ። አይደን የተዘጋው ግን በ2013 ነው።

በአንጻሩ ቲ-ሞባይል በ2020 ስፕሪንትን ሲጠቀልል፣ ሁለቱም ኤል.ቲ.ኢ. የተባለውን ስልት አስቀድመው ይጠቀሙ ስለነበር፣ አሮጌው ሲ.ዲ.ኤም.ኤ. በ2022 ሊዘጋ ችሏል።

እንግዲህ ኩባንያ በፊርማ ይዋሐዳል፤ መረብ የሚዋሐደው ግን በምሶሶው፣ በሞገዱና በደንበኛው እጅ ባለው ቀፎ ነው። ስለዚህ መሐንዲስ ከፊርማ በኋላ የሚጠራ ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን፣ ከፊርማ በፊት የሚጠየቅ አማካሪ ሊሆን ይገባዋል። ባንጠየቅ እንኳ ዝምታ አያምርብንም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።