በቀኝ በኩል የሚያመልጠው ፖሊፕ
በቶሮንቶ ለኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የቀረበ ንግግር



እ.ኤ.አ. በ2009 የቶሮንቶዋ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶክተር ናንሲ ባክስተርና ባልደረቦቻቸው አንድ ጥናት አሳተሙ። በኦንታሪዮ በትልቁ አንጀት ካንሰር የሞቱ 10,292 ሰዎችን ከ51,460 ሌሎች ነዋሪዎች ጋር አነጻጸሩ። የተሟላ ኮሎኖስኮፒ በተደረገላቸው ዘንድ በግራው የአንጀት ክፍል ካንሰር የመሞት ዕድል ወደ ሲሶ ገደማ ወርዶ ተገኘ። በቀኙ በኩል ግን ምርመራው ከሞት ያዳነ አልመሰለም። ኋላ የመጡ ጥናቶች በቀኙም ጥቅም እንዳለ፣ ሆኖም ከግራው እንደሚያንስ አሳይተዋል።

ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ፖሊፕ ከምትባል ትንሽ እባጭ ነው። ፖሊፗ ለዓመታት ቀስ ብላ ታድጋለች፤ ሐኪሙ በካሜራው ካያት በቀጭን የሽቦ ሸምቀቆ ቆርጦ ያወጣታል። ያላያትን ግን ከቶ ሊያወጣት አይችልም። የቀኙ አንጀት ፖሊፖች ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ንፍጥ ይሸፍናቸዋል፤ አንጀቱ በሚገባ ካልጸዳም ጨርሶ ይሰወራሉ።

ኦንታሪዮ ከ2008 ጀምሮ የተደራጀ የቅድመ ምርመራ መርሐ ግብር አላት። ከ2019 ወዲህ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 74 የሆኑና በቤተሰባቸው በሽታው ያልታየባቸው ሰዎች በየሁለት ዓመቱ የሰገራ ናሙና ከቤታቸው ይልካሉ። በሀገር ቤት «የሰገራ ምርመራ» ሲባል ትዝ የሚለው አሜባና ጃርዲያ ነው፤ ይህኛው የሚፈልገው ግን ዓይን የማያየውን ደም ነው። ደም ከተገኘ ቀጣዩ ኮሎኖስኮፒ ነው።

ችግሩ የሚብሰው እዚህ ላይ ነው። የማጽጃው መድኃኒት ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ በዋዜማው ማታ፣ ግማሹ በዕለቱ ጠዋት ሲጠጣ አንጀቱ በተሻለ ይጸዳል። መመሪያውን አንብቦ ያልተረዳ ሰው ሁለተኛውን ግማሽ ሊተወው ይችላል። ጾም ለለመደ ምእመን ደግሞ የዋዜማው መከልከል ቀላል ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሽሮና ምስር ወጥ ለጾም እንጂ ለዚህ ምርመራ አይሆኑም። በብዙ ክሊኒኮች የሚፈቀደው እንደ ውሃና ወተት የሌለው ሻይ ያለ ጠራ ያለ ፈሳሽ ብቻ ነው። እንዲህ ሳይዘጋጅ የሄደ ታካሚ ተመርምሮ «ደህና ነህ» ሊባል፣ በቀኝ በኩል ግን ፖሊፑን ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ የማጽጃው መመሪያ በአማርኛ ከቀጠሮው ወረቀት ጋር አብሮ ይሰጥ፤ ከምርመራው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎም ታካሚውን በቋንቋው የሚያስረዳ ሰው ስልክ ይደውልለት። የቤተሰብ ሐኪም የሌላቸው እናቶችና አባቶችም ናሙና መላኪያውን ከየት እንደሚያገኙ በዚያው ቋንቋ ይነገራቸው።