በአበባው ጥላ ሥር



አዘጋጆቹ «ከሕክምና ውጭ የሆነ ነገር አጫውችን» ስላሉኝ ስለ አንድ የጃፓን ባህላዊ ጭፈራ ላወራችሁ ነው። ግን ከሕክምና ማምለጥ የሚቻል አይመስለኝም፤ ጭፈራው ራሱ የወረርሽኝ ልጅ ነው።

ስሙ ያሱራይ ይባላል። ኪዮቶ ውስጥ፣ ኢማሚያ በተባለው የሺንቶ ቤተ መቅደስ በዓል፣ በኤፕሪል ሁለተኛ እሑድ ይጨፈራል። ጨፋሪዎቹ ረጅም ሰው ሠራሽ ጠጉር አጥልቀው፣ ጭራቅ መስለው፣ ከበሮና ቃጭል እየመቱ ይዘላሉ። አብሯቸው በአበባ ያጌጠ ትልቅ ቀይ ጥላ ይዞራል። በጥንቱ እምነት በጸደይ አበባ ሲረግፍ የበሽታ መንፈስም አብሮ ይበተናል። ጭፈራው መንፈሱን አባብሎ ወደ ጥላው ይሰበስብና ወደ ቤተ መቅደሱ ይወስደዋል። ከጥላው ሥር የገባ ሰው ደግሞ ዓመቱን ከበሽታ ይጠበቃል ይባላል። ስለዚህ እናቶች ሕፃናት ታቅፈው፣ አዛውንትም ቀስ እያሉ ይገባሉ።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ994 ወረርሽኝ ከተማዋን ሲፈጅ የበሽታውን መንፈስ ለማብረድ ሥርዓት ተደረገ፤ በ1001 ቤተ መቅደሱ ተመሠረተ። በ1154 ደግሞ ቤተ መንግሥቱ «ድምቀቱ በዛ» ብሎ ጭፈራውን ከለከለ። ክልከላው አለፈ፣ ጭፈራው ግን ይኸው አለ! በ2022 ዩኔስኮ ፉሪዩ ኦዶሪ በሚል ስም ከመዘገባቸው 41 ጭፈራዎች አንዱ ሆኗል።

ጥላ ቫይረስ እንደማያግድ ለእናንተ አልነግርም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ከጥላው ሥር የሚገቡት እነማን ናቸው? እኛ በክትባት ዘመቻ ቅድሚያ የምንሰጣቸው ሕፃናትና አረጋውያን እኮ ናቸው። ሕዝቡ ማን መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል፤ ቀኑንም አይረሳም።

እኛስ? ከ1918ቱ የኅዳር በሽታ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን እናስታውሳለን። ጭሱ አስም ያለባቸውን እንደሚጎዳ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆኖም «ተዉ» ብሎ መከልከል ብቻ የትም አያደርስም፤ የ1154ቱ ክልከላ ምስክር ነው። ታዲያ ለምን ቀኑን አንጠቀምበትም? በየሰፈሩ ቆሻሻው ሳይቃጠል ይሰብሰብ፣ እኛም እዚያው ተገኝተን የሕፃናቱን የክትባት ካርድ እንይ፣ የአዛውንቱን ደም ግፊት እንለካ። ማኅበራችን በመጪው ኅዳር በአንድ ሰፈር ቢጀምር እኔ ቀድሜ እመዘገባለሁ።