የሰማይን ጉም ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት
(ለሻሸመኔ ልጆች የተደረገ ንግግር)



ኔቡላ ማለት በከዋክብት መካከል የተንሰራፋ የጋዝና የአቧራ ጉም ነው። የኦሪዮን ኔቡላ ከእኛ 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1880 መጀመሪያ ፎቶግራፍ ያነሣው ሄንሪ ድሬፐር በሙያው ሐኪም ነበረ። እንግዲህ ሥራው ለሊቃውንት ብቻ የተተወ አይደለም።

ሻሸመኔ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ኦሪዮን በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት ከአናታችን ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ያልፋል።

ካሜራው በማቆሚያ ላይ ሆኖ ብዙ ቢከፈት፣ ምድር ስለምትዞር ኮከቡ መስመር ይሆናል። ስለዚህ አጫጭር ፎቶግራፎችን ደጋግሞ አንሥቶ፣ ከዋክብቱን አጋጥሞ በኮምፒዩተር መደራረብ ነው። የጉሙ ብርሃን በሁሉም ላይ አንድ ነው፤ የካሜራው ነጠብጣብ ግን በየፎቶግራፉ ይለዋወጣል። ስለሆነም 100 ፎቶግራፍ ሲደራረብ ምስሉ ከአንዱ ይልቅ 10 እጥፍ ይጠራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ የደበዘዘውን ማጉላት ተገቢ ነው፤ ብርሃኑ ያላመጣውን መጨመር ግን ሐሰት ነው።

በእንጦጦ የቆሙት ባለ1 ሜትር ቴሌስኮፖች ያኰሩናል። ነገር ግን ተራችን እስኪደርስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ለዕረፍት አገራችን ስንገባ፣ ከከተማው መብራት ራቅ ብለን እንጀምር።